የአጭሯ ሽጉጥ ባለቤቶች

ወንድሜን ጃናስን ሞቶ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ተመልሼ ወደ ሁጅራው ገባሁ። ሁጅራ የምንለው ከግቢው በር አጠገብ ያለውን፣ ወንዶች እንግዳ የሚቀበሉበትን ክፍል ነው። ጃናስ በገመድ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ኋላ ተጋድሟል፤ እግሮቹ መሬት ነክተዋል። እንቅልፍ የጣለው መስሎኝ፣

"ላላ፣ ሰላት አመለጠህ" አልኩት። ታላቅ ወንድማችንን ላላ ነው የምንለው።

ከዚያ ነጭ ረጅም ሸሚዙ ከጎድን አጥንቱ በታች መቅላቱን አየሁ። የሚያረባት ቆቅ በጎጆዋ ውስጥ ዝም ብላ ታየኛለች። ጃናስ እንደዚያ ዝም ስትል አይወድም ነበር፤ እያፏጨ ነበር የሚያናግራት።

ተኩሱን ማንም አልሰማም፤ ወይም ሁሉም ሰምቷል። በማዶው መንደር ሰርግ ስለነበር ከቀትር ጀምሮ ወደ ሰማይ ሲተኩሱ ነው የዋሉት። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል አንዲት ጥይት ብትጨመር ማን ልብ ይላል?

ኢንስፔክተር ሚሳል ካን ከኮሃት የመጣው ካልተገፋች በማትነሳ የፖሊስ መኪና ነው። ቀጭን፣ ጨጓራውን የሚያመው፣ ኪሱ ውስጥ ጥቁር ስኳር ይዞ የሚዞር ሰው ነበር። ክፍሉን ቆሞ ተመለከተ። ሁለት የሻይ ብርጭቆ አለ፤ አንዱ ተጠጥቷል፣ አንዱ አልተነካም። ከአልጋው እግር አጠገብ አንድ ቀለሃ ወድቋል። የጃናስ ሽጉጥ ትራሱ ስር ነው፤ አልተተኮሰበትም። ግድግዳው ውስጥ በተቦረቦረው መደርደሪያ ላይ ሬዲዮ፣ መቁጠሪያ፣ የቆቋ እህልና ጥይት የሞላበት አንድ የሽጉጥ ካዝና ተቀምጧል።

"ካዝናው የማን ነው?"

"የጃናስ ትርፍ መሰለኝ፣ ሳህብ።"

"መሰለኝ" አለና ደገመው። ከዚያ ተንበርክኮ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ጡብ ላይ ጣቱን አሳለፈ። ምን እንዳገኘ አልነገረኝም።

ታናሻችን ሚርባዝ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዓይኑ ደርቋል።

"ምን ይመረመራል? ቶራባዝ ነው" አለ። "ከላላ ጋር በመስኖው ውሃ ተጣልተዋል። ሰው ሁሉ የሰማው ነው።"

"ሲተኩስ አይተኸዋል?"

"ማየት አያስፈልገኝም።"

"እኔን ያስፈልገኛል" አለው ሚሳል ካን። "እስከ አርብ ታገሰኝ።"

"እስከ አርብ። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው እስኪያበቃ። ከዚያ በኋላ ቶራባዝ ሦስት ልጆች አሉት፤ ታላቁን እመርጣለሁ።"

ይህን ሲል እናታችን አደይ ከመጋረጃው ኋላ ነበረች። ትንፋሿን ሰማሁት። አንዱን ልጇን ገና ሳትቀብር ሁለተኛው ሊሄድባት እየተዘጋጀ ነው። ቶራባዝ ቤት አንድ ሰው ከሞተ እነሱም ወይ ሚርባዝን ወይ እኔን ይመርጣሉ። የሚቆም ነገር አይደለም።

ሚሳል ካን ሲወጣ ወደ እኔ ዞረ።

"ባክትዛዳ፣ አንተ ከእኔ ጋር ትዞራለህ።"

"እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ፣ ሳህብ። ምን እሠራለሁ?"

"መኪና ትገፋለህ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የሟች ወንድም ከፖሊስ ጋር ሲዞር መንደሩ ካየ ቤቱ ገና ሕግ እየጠበቀ ነው ይላል። ሚርባዝም በሰው ፊት ሊቀድመኝ ያፍራል። ግፋ አሁን።"

ገፋሁ።

*

ጃናስን ቀበርነው። የጸሎቱ ኢማም አጎታችን ሃጂ ጉንቻ ነበር፤ የአደይ ወንድም። በየሰፈሩ የተጣላን የሚያስታርቅ፣ ቃሉ የሚሰማ ሽማግሌ ነው። በጸሎቱ መሐል ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። ከዚያም በየቀኑ እየመጣ ሁጅራው ውስጥ ከእኛ ጋር ለሟች ፋቲሃ ይቀራ ነበር። ሁልጊዜ ጎኑ ላይ የሚያብጠው ሰደርያው አሁን ዝርግ ነው። "ሐዘን ላይ መሣሪያ አልይዝም" አለን፤ አከበርነው። ሻይ ስናቀርብለት ግን አይጠጣም ነበር።

ሐኪሙ አስከሬኑን አይቶ ለሚሳል ካን የነገረውን እኔም ሰምቻለሁ።

"ጥይቷ ከታች ወደ ላይ ነው የሄደችው። ከጎድን በታች ገብታ ትከሻው ስር ቆማለች። ሰውየው ተቀምጦ ነበር፤ ታዲያ የተኮሰው ምን ሆኖ ነው? መሬት ላይ ተኝቶ?"

"ድንክ ይሆናል" አለ አጭሩ የሐኪሙ ረዳት።

"አንተ ቁመትህን ይዘህ ዝም በል" አለው ሚሳል ካን። ግን አልሳቀም።

ቶራባዝ ቤት ገባን። ወንድሞቹ መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። ቶራባዝ ራሱ አንድ ዓይኑ በፋሻ ታስሯል።

"ያን ቀን ፔሻዋር ነበርኩ፤ ዓይኔን ኦፕራሲዮን ሲያደርጉኝ" አለ። "ሐኪሙም ነርሷም አጠገቤ የተኛው ሰውዬም ይመሰክራሉ። እሱማ ሌሊቱን ሁሉ ስለ አማቱ ሲያወራብኝ ነው ያደረው፤ ሳይጠየቅም ይመሰክራል።"

"ሰው ልከህ ይሆናል።"

"ልኬማ ነበር" አለ ቶራባዝ። ወደ እኔ ዞሮ በአንድ ዓይኑ አየኝ። "ለመግደል አይደለም፣ ባክትዛዳ። ለእርቅ ነው። ውሃውን ተራ በተራ እንድንወስድ ቃል ልኬበታለሁ። ወንድምህ ግትር ነበር፤ እኔም ከሱ አላንስም። ግን ደክሞኝ ነበር።"

"ማንን ላክህ?" አለ ሚሳል ካን።

"ይህንንማ አልናገርም። ነገሩ ሳያልቅ የአስታራቂ ስም አይጠራም። አንተም የዚህ አገር ልጅ ነህ፣ ሳህብ።"

ሚሳል ካን ጥቁር ስኳሩን አወጣና ቆረጠም አደረገ። ሁላችንም የምናውቀው ልማድ ነው። ገና ያልያዘ እርቅ ስም ከተጠራበት አስታራቂው ወይ ለዚህ ወይ ለዚያ ወገን ያደላ ይባላል። ደጋግሞ ጠየቀው፤ ሰውየው ንቅንቅ አላለም።

ማታ ይህን ለሚርባዝ ነገርኩት።

"ዓይኑን አሳስሮ ሌላ ሰው ላከ ማለት ነው" አለኝ። የጃናስን ሽጉጥ እያጸዳ ነበር። "አርብ ደግሞ ሩቅ አይደለም።"

*

"ይህችን ንክሻ አየሃት?" አለኝ ሚሳል ካን በመንገድ ላይ። ቀለሃዋን ወደ ብርሃኑ ያዛት። ጠርዟ ላይ ጥልቅ ያለ ጭረት አለ። "ፋብሪካ እንዲህ አድርጎ አይነክስም። ይህ መሣሪያ በእጅ የሚሠራበት የዳራ ገበያ ጥርስ ነው።"

ዳራ ስንደርስ መንገዱ ግራና ቀኙን በመዶሻ ድምፅ ተሞልቷል። ደንበኞች የሚገዙትን መሣሪያ ኮረብታው ላይ እየተኮሱ ይሞክራሉ። በእያንዳንዷ ተኩስ ትከሻዬ ይዘል ነበር፤ በፊት እንዲህ አልነበርኩም። ከሱቅ ወደ ሱቅ ቀለሃዋን እያሳየን ሽጉጥ ሠሪው ኡስታዝ ዛርማስት ጋ ደረስን። ቀለሃዋን በጣቱ ዳሰሰና ልጁን እንዳገኘ ሰው ፊቱ በራ።

"የኔዋ ናት! ከአጫጭሮቹ የመጀመሪያዋ። እንዲህ የምትነክሰው እሷ ብቻ ናት፤ ከዚያ በኋላ የሠራኋቸውን አስተካክያለሁ።" ከመደርደሪያ አንድ ሽጉጥ አውርዶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም። "ያዛት፣ ያዛት! እህቷ ናት። ሰደርያ ውስጥ ብትገባ ሚስትህ እንኳ አታውቅብህም። ከውጪ ከሚመጣው በምን ታንሳለች?"

"ለማን እንደሰጠሃት ታስታውሳለህ?"

"ደንበኛዬን ሁሉ እንዴት ላስታውስ? ግን ይችን የወሰደው ላልባዝ የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ከርሞ ተመልሶ መጥቶ በሰው ፊት ሰድቦኛል። ሰዳቢዬን አልረሳም።"

ሚሳል ካን እህቲቱን ሽጉጥ ወስዶ ካዝናዋን አወጣ፣ በመዳፉ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አደረገውና ብዙ ጊዜ አየው።

"ይህ ሌላ ሽጉጥ ውስጥ ይገባል?"

"በፍጹም! አጭር ነው። ለእነዚህ ብቻ ነው የሚሆነው።"

ሚሳል ካን አመስግኖ ወጣ። እኔም ምን እንዳሰበ አልገባኝም።

ላልባዝን መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡሱን ሲያጥብ አገኘነው። ስለ ሽጉጧ ስንጠይቀው ባልዲውን ጣለ።

"ያቺ ሰይጣን! ኑ፣ ግቡ፣ ላሳያችሁ።" ከሾፌሩ መቀመጫ በላይ ጣሪያው ላይ የተደፈነ ቀዳዳ አለ። "መቀመጫዬ ስር ነበር የማስቀምጣት። ጉድጓድ ውስጥ ገባንና ወደቀች። ማንም ሳይነካት ጮኸች! አንዲት አሮጊት አውቶቡሱ የፈነዳ መስሏቸው በመስኮት ወጡ። እስካሁን ዝናብ ሲዘንብ እዚህ የተቀመጠ ሁሉ እኔን ነው የሚሰድበው።"

"ቃታዋን ማንም ሳይነካው?"

"ልጆቼን ይንሳኝ! ኋላዋ ላይ ያለችው ትንሿ መዶሻ መሬት ከነካች ትተኩሳለች። ጥይት ካልጎረሰች ግን በግ ናት።"

"ታዲያ ለምን አጉርሰህ ትይዛታለህ?"

"ሳይጎርስ የተያዘ ሽጉጥ ምን ይሠራል፣ ሳህብ? ሽፍታ ሲመጣ ቆይ ላቀባብል ልበለው?"

"አሁን የት ናት?"

"ኮሃት፣ ልብስ ሰፊው ፋዝሉ ጋ። በሰርግ ልብስ ለወጥኳት።"

"እንደምትጮህ ነገርከው?"

ላልባዝ ጨርቁን ጨመቀ። "አልጠየቀኝም" አለ።

*

ኮሃት የደረስነው ሐሙስ ነበር። ነገ አርብ ነው። ፋዝሉ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል፣

"ተሰረቀችብኝ" አለ።

"ለፖሊስ አመለከትክ?"

"ፖሊስ ምን ያደርግልኛል?"

"እኔን ያህል ሰው ፊትህ ተቀምጦ ምን ያደርግልኛል ትላለህ?" አለው ሚሳል ካን በርጩማ እየሳበ። "የዚህ ሰው ወንድም በሷ ሞቷል። ባለቤቷ አንተ ከሆንክ አብረን እንሄዳለን። ካልሆንክ ማን እንደሆነ ንገረኝ።"

የስፌት መኪናው ቆመ። ፋዝሉ ወደ እኔ አየ፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

"እወዳት ነበር፤ እውነቴን ነው" አለ። "ቀላል ናት፣ እንደ መሀረብ። ገበያ ስወጣ ሰው መሆኔ ይሰማኝ ነበር። ሚስቴ ናት ያስጨነቀችኝ፤ ልጆቹ አንድ ቀን ያገኟታል እያለች። ለአንድ ሽማግሌ በበግ ለወጥኳት።"

"ስሙ?"

"አልጠየቅኩም። የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ስም ይጠየቃል? ግን ሰደርያ ሰፍቼላቸዋለሁ። ኪሷን ከውስጥ፣ በቀኝ በኩል ነው ያደረግኩት። ሰው ሁሉ በግራ ነው የሚያሰፋው፤ እሳቸው ግን ቀኝ ክንዳቸው አይታጠፍም፣ በግራ ነው የሚመዙት። ከካሚዮን ወድቄ ነው ብለውኛል።"

ፋዝሉ የሰጠኝ ሻይ እጄ ላይ ነበር። አስቀመጥኩት።

መኪናው ውስጥ ሚሳል ካን ብዙ ጠበቀኝ። የመንደራችን የሎሚ ዛፎች መታየት ሲጀምሩ፣

"ማነው?" አለኝ።

ከተናገርኩ አደይ ልጇን በቀበረች ሳምንት ወንድሟን ታጣለች፤ ሚርባዝ የፖሊስ ካቴና አይጠብቅም። ዝም ካልኩ ነገ የቶራባዝ ልጅ ይሞታል።

"የእናቴ ወንድም ነው" አልኩ። "ሃጂ ጉንቻ። ክንዱ የማይታጠፈው፣ ያሰገደን እሱ ነው። ጃናስን ሕፃን ሆኖ ትከሻው ላይ ይዞት ይዞር ነበር፣ ሳህብ። ለምን ይገድለዋል?"

"አልገደለውም ይሆናል።"

"ታዲያ ማን ገደለው?"

"ነገ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሁላችሁም ሁጅራው ውስጥ ሁኑ። መደርደሪያው ላይ ያለውን ማንም እንዳይነካ። ዛሬ ለማንም አትናገር፤ ለእናትህም ቢሆን።"

ያን ሌሊት አደይ "እህል ቅመስ" እያለች ስትለምነኝ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

*

አርብ ሁጅራው ሞላ። ሃጂ ጉንቻ እንደ ወትሮው ከመደርደሪያው ትይዩ ተቀምጧል፤ ሻዩ ፊቱ ቀዝቅዟል። ሚርባዝ የጃናስን ሽጉጥ ታጥቆ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሚሳል ካን እየዘገየ ገባ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ፋቲሃ ቀራ፣ ተቀመጠ።

"ቀጠሮህ ደረሰ፣ ሳህብ" አለው ሚርባዝ። "ገዳዩን አመጣህልን?"

"አንተ ልትሄድ ነው አሉ።"

"እሄዳለሁ።"

"በአንድ ካዝና ብቻ ነው የምትሄደው? ቶራባዝ ወንድሞች አሉት። ያ የወንድምህ ትርፍ ካዝና ነው፤ ውሰደው።"

ሰዉ አጉረመረመ። ፖሊስ እንዲህ ሲል ተሰምቶ አያውቅም። ሚርባዝ ቀልድ ይሁን ቁምነገር ሳይገባው መደርደሪያው ላይ ያለውን ካዝና አነሳ። የጃናስን ሽጉጥ መዘዘና ካዝናዋን አውጥቶ ያንን ሞከረ። አልገባም። ገልብጦ ሞከረ። አልገባም።

"የሷ አይደለም" አለ ሚርባዝ። "አጭር ነው።"

"የጃናስ ካልሆነ የማን ነው?"



"እኔ ልንገራችሁ" አለ ሚሳል ካን። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ያን ቀን እዚህ የመጣው ሰው እንግዳ ሆኖ ነው የመጣው። ሻይ ተቀድቶለታል። የሰላም ነገር ይዞ የመጣ ሰው በዚህ አገር ምን ያደርጋል? ካዝናውን ነቅሎ በባለቤቱ ፊት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። ይህም ሰው ያንን አድርጓል። ለመግደል የመጣ ሰው ጥይቱን አውጥቶ አይቀመጥም፣ ሚርባዝ።"

"ታዲያ ላላ በምን ሞተ?"

ሚሳል ካን ወደ አልጋው እግር ሄዶ አጎነበሰ። ጡቡ ላይ አዲስ የተሸረፈ፣ ጥፍር የሚያህል ጉድጓድ አለ።

"ካዝናው ወጣ። አፏ ውስጥ የነበረችው ጥይት ግን አልወጣችም። ሰውየው ሻዩን ሊያነሳ ሲያጎነብስ ሽጉጧ ከኪሱ ወደቀች፣ ኋላዋ እዚህ ጡብ ላይ አረፈች። ጥይቷ ከወለሉ ወደ ላይ ነው የሄደችው። ቃታ የሳበ ጣት የለም። ይህች ሽጉጥ አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥም እንዲህ አድርጋለች።" ቀና አለ። "አሁን ባለቤቱ ካዝናውን ይውሰድ።"

ቆቋ በጎጆዋ ውስጥ ተንቀሳቀሰች። ከዚያ ሃጂ ጉንቻ ግራ እጁን ዘረጋ።

"የኔ ነው" አለ።

ሚርባዝ የገባው ቀስ ብሎ ነው። ሲገባው የጃናስን ካዝና ሽጉጧ ውስጥ መልሶ ጨመረና አቀባበለ።

"ቶራባዝ እሺ ብሏል ልለው ነበር የመጣሁት" አለ አጎታችን፤ ማንንም አያይም። "ጃናስ ሳቀ። 'ያ ግትር እሺ ካለማ እኔም እሺ' አለኝ። ሻይ ቀዳልኝ። ከዚያ... ስሙን ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። ሽጉጧን አነሳሁና ወጣሁ። ቤት ደርሼ ነው ካዝናውን ያስታወስኩት። በየቀኑ ስመጣ እዚያው ነበር። በየቀኑ ዛሬ እናገራለሁ እያልኩ ነበር የምመጣው።"

"የቶራባዝን ልጅ ልገድል ስል ሰምተሃል!" ሚርባዝ ጮኸ። "እዚሁ ተቀምጠህ!"

"ሰምቻለሁ።"

ሽጉጡ ተነሳ። ሚሳል ካን በመካከል ገባ፣ እኔም የሚርባዝን ክንድ ያዝኩ፤ ግን ያስቆመው እኛ አይደለንም። መጋረጃው ተገለጠና አደይ ገባች። እናታችን እንግዳ ባለበት ሁጅራ ገብታ አታውቅም። ወንዶቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ።

በመጀመሪያ ወንድሟ ፊት ቆመች።

"ከኪስህ ለወደቀው አልከስህም" አለችው። "ልጄን ብቻውን ጥለኸው መውጣትህን ግን አንተው ለፈጣሪህ ንገር። አሁን ተነስ። መጀመሪያ ቶራባዝ ቤት ሂድና በአፍህ ንገራቸው፤ ከዚያ ሳህቡ ወደሚወስድህ ትሄዳለህ።"

ከዚያ ወደ ሚርባዝ ዞራ እጇን ዘረጋች።

"አደይ፣ ተይኝ።"

"አምጣ።"

ሰጣት። ካዝናውን ነቀለችና አልጋው ላይ ጣለችው። ሚርባዝ አሁን አበቃ ብሎ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ እሷ ግን አልሰጠችውም። አፈሙዙን ወደ ወለሉ አድርጋ የሽጉጧን ላይኛ ብረት በሁለት እጇ ወደ ኋላ ሳበችው። ጉልበት አጥሯት መጀመሪያ አቃታት። ደግማ ሳበች።

የጎረሰችው ጥይት ዘላ ወጣች። ጡቡ ላይ ነጥራ ተንከባለለችና አልጋው እግር ስር ቆመች።

አደይ አጎነበሰች፣ አነሳቻት፣ የሚርባዝን መዳፍ ከፍታ አስቀመጠችበት፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ ዘጋችበት።

"ወንድምህን የገደለችው ይቺን የመሰለች ናት" አለችው። "ሌላ ሰው አትፈልግ።"